ስቶቩ ድስቱን አላውቅህም ሲል፦ የአንዲት ክፍል ኩሽና እንዴት ተሟላች

ማክሰኞ ማታ፣ ሁለት ሰዓት ገደማ። ስልኬ ጠራ። የእህቴ ልጅ ነው።

«አክስቴ፣ ይሄ ስቶቭ ድስቱን አላውቅህም እያለው ነው።»

«ማነው የማያውቀው?»

«ስቶቩ! ድስቱን ስጥድበት ጢጥ ጢጥ ይልና ይጠፋል። ሽንኩርቱን ከትፌ ጨርሻለሁ እኮ።»

ጢጥታው በስልክ ይሰማኛል። ልጁም ዓይኑ እያለቀሰ እንደሆነ ከድምፁ ያስታውቃል። ከሽንኩርቱ ይሁን ከንዴቱ አላውቅም።

ቤት ውስጥ ማሙሽ ነው የምንለው። 24 ዓመቱ ነው። በር ሲገባ ጎንበስ ይላል፣ እኛ ግን አሁንም ማሙሽ ነው የምንለው። ታሪኩን ልጽፈው ነው ስለው «ጻፊው፣ ብቻ ስሜን እንዳታነሺ» አለኝ። እሺ ብያለሁ።

ደሴ ተወልዶ አደገ። አካውንቲንግ ተማረ። በ2017 ዓ.ም. መስከረም ላይ አዲስ አበባ ሥራ አገኘና ሰሚት አካባቢ አንድ ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ክፍል ተከራየ። ኪራዩ 4,000 ብር ነው። ደመወዙ ተቆራርጦ እጁ የሚገባው 14,500 ብር። ጠዋት ሻይ በፓስቲ፣ ምሳ መሥሪያ ቤቱ አጠገብ ካለች ቤት ሽሮ፣ ማታ ደግሞ ሰፈር ውስጥ ፍርፍር። በቀን ወደ 300 ብር ለሆዱ ይሄዳል። በወር 9,000 ማለት ነው። ኪራዩን ሲጨምሩበት ለታክሲ፣ ለካርድና ለልብስ የሚተርፈው 1,500 ብር ነው። በጥቅምት መጀመሪያ ላይ «ራሴ ካላበሰልኩ የምሠራው ለምግብ ቤቶቹ ነው» አለ። ልክ ነበር።

ስህተቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ለምርቃቱ ቤተሰብ ያዋጣለት 20,000 ብር ነበረው። ያንን ይዞ በአንድ ቅዳሜ ገብቶ ወጣ።

የገዛውን እንደ ነገረኝ ልቁጠር። ኢንደክሽን ስቶቭ 5,500 ብር። በቴሌግራም ያገኘው «12 ፍሬ» የግራናይት ድስት 10,500 ብር። ለስድስት ሰው የሚሆን የሰሃን ስብስብ 2,200። ስድስት ቢላዎች ከነማቆሚያቸው 900። አንድ ማከፋፈያ ገመድ 450። የቀረው 450 ብር ነበር፤ በሱ ሽንኩርትና ዘይት ገዛ። መክተፊያ የለውም። ሽንኩርቱን የከተፈው ከስድስቱ ሰሃኖች በአንዱ ጀርባ ላይ ነው።

«12 ፍሬ» የሚለውን ነገር ሳላነሳ አላልፍም። አራት ድስት አለው። አራት ክዳን አለው። አንድ መጥበሻ፣ የመጥበሻው ክዳን፣ ሁለት የፕላስቲክ ጭልፋ። ተደመረ፣ አሥራ ሁለት። ክዳን እንደ ዕቃ ተቆጥሮ ሲሸጥ ከማየት የበለጠ የሚያናድደኝ ነገር ጥቂት ነው።

ወደዚያች ማክሰኞ ማታ ልመለስ። እህቴ ከደሴ ስትሸኘው ሦስት ነገር ሰጥታው ነበር። አንድ የቆየ የአሉሚኒየም ድስት፣ አንድ የሽሮ ሸክላ ድስት፣ አንድ የቡና መቁያ ብረት ምጣድ። ማሙሽ ስቶቩ ላይ መጀመሪያ የጣደው አዲሱን ግራናይት ነው። ጢጥ አለ። የእናቱን አሉሚኒየም ጣደ። ጢጥ አለ። ሸክላውን ጣደ። ጢጥ። ስቶቩ ተበላሽቷል ብሎ ደመደመ።

«የቡና መቁያዋን ጣድባት» አልኩት።

«በቡና መቁያ?»

«አዎ፣ ጣድባት።»

ጢጥታው ጠፋ። ትንሽ ቆይቶ የዘይት መንሿሿት ሰማሁ። የዚያን ቀን ራቱ ቡና ቡና የሚል እንቁላል ነበር። ዳቦ አልነበረውም፣ ግን በላው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ኢንደክሽን ስቶቭ ራሱ አይግልም። መስታወቱ ሥር የተጠቀለለ ሽቦ አለ፣ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት የሚለዋወጥ የማግኔት ኃይል ይፈጥራል። ያ ኃይል የላዩን ብረት ውስጡ ገብቶ ያሞቀዋል። ማለትም የሚግለው ድስቱ ነው። ድስቱ ማግኔት የሚይዘው ብረት ካልሆነ ስቶቩ ላዩ ላይ ምንም እንደሌለ ነው የሚቆጥረው። አሉሚኒየም ማግኔት አይዘውም። ሸክላ አይዘውም። ነሐስም አይዘውም። «ግራናይት» የሚባለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ድንጋይ የሚመስል ቀለም የተለበጠ አሉሚኒየም ነው። አንዳንዱ ታቹ ላይ የብረት ሳህን ተለጥፎበት ስለሚመጣ ይሠራል። የማሙሽ አልነበረበትም። ሻጩን ሲጠይቀው «ለማንኛውም ምድጃ ይሆናል» ብሎታል። ሊመልስለት ሲሄድም ግድግዳ ላይ የተለጠፈችውን ወረቀት አሳየው። የተሸጠ ዕቃ አይመለስም።

እሑድ ሄድኩ።

ክፍሉ ሦስት በአራት ሜትር ቢሆን ነው። ፍራሽ፣ አንድ ወንበር፣ ሻንጣ። ስቶቩ መሬት ላይ ነው፣ ከአንሶላው አንድ ክንድ ርቆ። ሶኬት አንዲት ብቻ ናት። ከሷ የወጣው ማከፋፈያ ላይ ስቶቩ፣ የስልክ ቻርጀሩና ላፕቶፑ ተሰክተዋል። ማከፋፈያውን ነካሁት። ሞቋል። ገልብጬ ሳየው አንዱ ቀዳዳ ዙሪያው ቀልጦ ቡኒ ሆኗል።

ያኔ ስለ ድስት የማወራበት ጊዜ እንዳልሆነ ገባኝ።

ስቶቩ ጀርባ ላይ 2,000 ዋት ይላል። ቤታችን የሚገባው 220 ቮልት ነው። ሲካፈል 9 አምፔር ገደማ ይመጣል። ርካሹ ማከፋፈያ ውስጥ ያለው ሽቦ ለስልክና ለቴሌቪዥን የተሠራ ቀጭን ነገር ነው። 9 አምፔር በዚያ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ሲያልፍ ሽቦው ራሱ ምድጃ ይሆናል። ስቶቭ፣ ካውያና የውሃ ማሞቂያ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ነው የሚሰኩት። እዚህ ላይ አልደራደርም። ማሙሽ «ገመዱ አይደርስም እኮ» አለኝ። ታዲያ ስቶቩን ወደ ሶኬቱ እናስጠጋዋለን እንጂ እሳቱን ወደ ፍራሹ አናስጠጋም።

አከራይዋ በር ላይ ቆመው ያዳምጡ ነበር። ስድሳ ያለፉ፣ ነጠላቸው ትከሻቸው ላይ የማይጠፋ ሴት ናቸው። ማሙሽ እማማ ነው የሚላቸው።

«ልጄ፣ እኔ ሰው ቤቱ ቢበላ አልጠላም» አሉኝ። «ቆጣሪው ግን አንድ ነው። ያን ዕለት እኔ እንጀራ ስጋግር እሱ ስቶቩን ለኮሰው። ድርግም! ሊጤ አሻሮ ሆኖ ቀረ።»

ቅሬታቸው እውነት ነበር። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙውን ጊዜ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። ወደ 16 አምፔር ነው። የስቶቩ 9 ሲጨመር 25 ይሆናል። የግቢው ብሬከር ላይ የተጻፈው 20 ነው። መዝለሉ ሥራውን መሥራቱ ነው። ባይዘል ነበር የሚያስፈራው። ስለ ክፍያውም ያሉት ልክ ነው። የመብራት ታሪፍ በደረጃ ነው የሚሄደው፣ ብዙ በተጠቀሙ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ራሱ ይወጣል። በአንድ ቆጣሪ አራት ተከራይ ሲኖር ሁሉም ተያይዘው ወደ ውድ ደረጃ ይወጣሉ።

ስለዚህ ቁጭ ብለን ተነጋገርን። ቡና ነበረ፣ ደግ ነገር ነው። ማሙሽ በቀን 40 ደቂቃ ቢያበስል፣ ስቶቩ ሙሉውን ጊዜ በጉልበቱ ቢሠራ እንኳ፣ በወር 40 ኪሎዋት ሰዓት ቢሆን ነው። 300 ብር ሊጨምርላቸው ተስማማ። ረቡዕና ቅዳሜ፣ እማማ በሚጋግሩበት ሰዓት፣ ስቶቩ አይነካም። ሶኬቱን በሱ ወጪ ኤሌክትሪሻን ይቀይራል። እማማ ሁለተኛውን ሲኒ ሲቀዱልኝ ፊታቸው ተፈትቶ ነበር። ሦስተኛው ላይ «ልጁ እኮ ጨዋ ነው» አሉ።

ቀጥሎ ያደረግነውን ነገር ሌላ ሰው ሲያደርገው አላየሁም፣ ግን እኔ የምተማመነው በሱ ነው። ምንም እንዳትገዛ አልኩት። ለአንድ ሳምንት የበላኸውን ብቻ ስልክህ ላይ ጻፍ። የምትመኘውን አይደለም፣ የበላኸውን።

ሰው ኩሽና ሲያሟላ የሚገዛው ለሚመኘው ሰውዬ ነው። ማሙሽ ስድስት ሰሃን የገዛው ስድስት እንግዳ ለሚጋብዘው ማሙሽ ነው። ያ ማሙሽ ገና አልመጣም። አራት ድስት የገዛው ዶሮ፣ አልጫ፣ ጎመንና ሩዝ በአንድ ቀን ለሚሠራው ሰው ነው። እሱም አልመጣም።

በሳምንቱ 21 ጊዜ በልቷል። ሽሮ 6። ሻይ በዳቦ ወይ በፓስቲ 5። ፍርፍር 4። በያይነት 3። ፓስታ 2። ጥብስ 1፣ እሱም ደመወዝ የወጣ ቀን። ዝርዝሩን ሲልክልኝ ትንሽ አፍሮ ነበር። እኔ ግን ደስ አለኝ። ከበያይነቱ በቀር ከዚህ ሁሉ ውስጥ ሁለት ማብሰያ የሚፈልግ ምግብ የለም ማለት ይቻላል። አንድ ድስት፣ አንድ መጥበሻ፣ ሻይ የሚፈላበት አንዲት ማንቆርቆሪያ። የቀረው የእጅ መሣሪያ ነው። ኅዳር 15 ደግሞ የነቢያት ጾም ይገባል። እስከ ገና ድረስ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ፓስታ በቲማቲም ነው። ለአንድ ድስት የተሠራ ወቅት!

እንጀራውስ? ይሄን ጥያቄ ሁለት ሰው ጠይቆኛል። እንጀራ ይገዛል። አንድ ክፍል ውስጥ ምጣድ አይገባም፣ የእማማም ብሬከር አይችለውም። የሚያስፈልገው ጥሩ ማስቀመጫ ነው። ሰፋ ያለ፣ ክዳኑ በደንብ የሚገጥም፣ ታቹ ላይ ንጹሕ ጨርቅ የሚነጠፍበት። እንጀራው ትኩስ ከሆነ ሳይቀዘቅዝ አይከደንም። ላቡ ተመልሶ ሲንጠባጠብበት በማግስቱ ይሻግታል።

ግራናይቱ ዕድሉ ሆነና ገዢ አገኘ። የመሥሪያ ቤቱ ልጅ ሊያገባ ነው፣ ቤቱ ደግሞ ተራ የኤሌክትሪክ ምድጃ ነው ያለው። በዚያ ላይ ይሠራል። በ7,500 ወሰደው። 3,000 ብር ኪሳራ ነው፣ ግን ገንዘቡ ከነሕይወቱ ተመለሰ። መጥበሻውን በሹካ እንዳይፍቀው፣ ባዶውን እሳት ላይ እንዳይረሳው ንገረው አልኩት። የማያጣብቀው ልባስ ከመጠን በላይ ሲግል ይበላሻል፣ የሚያወጣው ጭስም ጤና አይደለም። ሊያገባ ላለ ሰው ዕቃ ሲሸጡ እንዲህ ያለ ምክር መስጠት ደስ አይልም። ነገረው ግን።

ቅዳሜ መርካቶ ወረድን። ከመውጣቴ በፊት ፍሪጄ ላይ ከተለጠፉት አንዷን፣ የዓሣ ቅርጽ ያላትን ማግኔት፣ ቦርሳዬ ውስጥ ጣልኩ።

መጀመሪያ የገባንበት ሱቅ ድስት እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። አንዱን አወረድኩና ዓሣዋን ታቹ ላይ ለጠፍኩ። ወደቀች። ሌላውን። ወደቀች። ሻጩ እጁን አጣምሮ ያየኛል።

«እናቴ፣ ድስቱን እየባረኩት ነው?»

«አዎ። የተባረከውን ነው የምገዛው።»

ሳቀ። ከዚያ ራሱ እያወረደ ያቀብለኝ ጀመር። በአምስተኛው ላይ ዓሣዋ ጠብ ሳትል ቀረች። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባል። ስቴንለስ ሁሉ ማግኔት አይዝም። የሚያብረቀርቅ ሆኖ የማይዝ ሞልቷል። ጎኑ ሳይዝ ታቹ የሚይዝም አለ፣ እሱ ይሠራል። ስለዚህ መፈተን ያለበት ታቹ ነው፣ መሃሉም ጠርዙም።

ቀጥሎ ክብደቱን። ርካሽ ኢንደክሽን ስቶቭ እሳቱን ዝቅ ሲያደርጉት እሳቱ አያንስም፣ ይበራል ይጠፋል፣ ይበራል ይጠፋል። ታቹ ስስ የሆነ ድስት በበራ ቁጥር ይንቀለቀላል። ሽሮ እንዲህ ሲሆን መሃሉ ያርራል፣ ዳሩ ጥሬ ይሆናል። ቁሌትም ያው ነው። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት ስናቁላላ የምንፈልገው ቀስ ያለ፣ እኩል የሆነ ሙቀት ነው። ወፍራም ታች ሙቀቱን ይዞ ያከፋፍለዋል። ማሙሽን ሁለት ድስት በሁለት እጁ አስያዝኩት። «ይሄኛው ከበደ» አለ። እሱን ነው የምንገዛው።

መጠኑ ላይ ተከራከርን። እሱ 5 ሊትር ፈለገ፣ እኔ 3። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ የሚበላውን ወጥ 5 ሊትር ድስት ውስጥ ሲሠራ ወጡ ታች ተንጣሎ ይደርቃል። ፍሪጅ ደግሞ የለውም። ለነገ እንጂ ለሳምንት አይሠራም። 3 ሊትር ሆነ። እጀታው በብሎን ሳይሆን በሪቬት፣ ማለትም ተመትቶ በሚጨፈለቅ የብረት ሚስማር፣ የተያያዘ መሆኑን አየን። ብሎኑ በስድስት ወር ይላላል፣ አንድ ቀን ደግሞ ሽሮ እንደያዘ ይዞርብሃል። 2,800 አለ። 1,900 አልኩ። ወጣን። ጠራን። 2,300 ላይ ተጨባበጥን።

መጥበሻው ልባስ የሌለው ጥቁር ብረት ነው፣ 1,100 ብር። ዘይት እየተቀባ ሲግል ቀስ በቀስ መልክ ያወጣል፣ እንደ ምጣድ ማሟሸት ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት እንቁላሎች እንደሚጣበቁበት ነግሬው ነበር። አራት ሆኑ።

ቢላው ላይ ብዙ ቆየን። ቤት ያሉት ስድስቱ ከእጅ አይሻል ዶማ ናቸው። ቲማቲም ላይ ሲያሳርፏቸው ቲማቲሙ ይፈርጣል እንጂ አይቆረጥም። አንድ ብቻ ገዛን፣ ስለቱ የእጅ መዳፍ ከነጣት የሚያህል፣ ብረቱ እስከ እጀታው ጫፍ የዘለቀ። 350 ብር። ሞረድ ግዛልኝ አለ። አልገዛንም። የሸክላ ሲኒ ሲገለበጥ ታቹ ላይ ቀለም ያልነካው ሻካራ ክብ አለ። ቢላውን በዚያ ላይ አጋድሞ ወዲያና ወዲህ አሥር አሥር ጊዜ ማሸት ለቤት ሥራ ይበቃል። የእማማን ሲኒ ተውሶ ሞከረው። እማማ ሲኒው የተሰበረ መስሏቸው እየሮጡ መጡ።

ከዚያ የእንጨት መክተፊያ 400፣ ማማሰያና ጭልፋ 250፣ የእንጀራ ማስቀመጫ 450፣ ማንቆርቆሪያ 600፣ ዕቃ ማጠቢያ ሳፋ 250፣ ሁለት ጀሪካን 300። ጀሪካኑን የኩሽና ዕቃ አድርጎ የሚቆጥር ሰው የለም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ግን ከድስት በፊት ነው የሚገዛው። ውሃ ከሌለ ሽሮም የለም፣ የታጠበ ድስትም የለም።

መጨረሻ ላይ ምን አለሽ ተራ ጎራ አልን። ቁርጥራጭ ብረት እዚያ ሲቀጠቀጥ የማይሆነው ነገር የለም። ጆሮ ይደነቁራል፣ ዓይን ግን አይጠግብም። ከሱቅ ግማሽ ዋጋ የሚሸጥ የአሉሚኒየም ድስት አይቶ ማሙሽ ቆመ። አይሆንም አልኩ። ስቶቩ አያውቀውም፣ አንድ። ከምን ከምን ቁርጥራጭ እንደቀለጠ አናውቅም፣ ሁለት። ከባትሪና ከሞተር አካል ጋር አብሮ የቀለጠ ከሆነ እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፣ ምግብ ውስጥም ይገባል። እዚያ የምገዛው ምግብ የማይነካውን ነው። ሁለት እርከን ያለው የብረት መደርደሪያ በ700 አሠራን። ስቶቩ አሁን ወገብ ላይ ነው፣ ከፍራሹ ርቆ፣ ከሶኬቱ ሥር። ለኤሌክትሪሻኑ 700 ተከፈለ።

ጠቅላላው 7,400 ብር። ከግራናይቱ ሽያጭ 100 ብር ተረፈች። ሳሙናና ስፖንጅ ሆነች።

የተሳሳትኩት እኔም አለሁበት። ማሙሽ ማጥለያ እንግዛ ብሎኝ ነበር። «ለምን? ክዳኑን ገጠም አድርገህ ውሃውን ታፈሳለህ» አልኩት። እኔ እንደዚያ ነው የማደርገው። የኔ እጅ ግን ሠላሳ ዓመት የለመደ እጅ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ክዳኑ ተንሸራተተበትና የፓስታው ፍል ውሃ አውራ ጣቱ ላይ ፈሰሰ። ግማሹ ፓስታም ሳፋ ውስጥ ገባ። በማግስቱ 200 ብር አውጥቶ ማጥለያ ገዛ። ፎቶ አንስቶ ላከልኝ፣ ምንም ሳይጽፍ። ከፓስታ አልፎ የታጠበ ጎመንና ምስርም ያጠልበታል። መጀመሪያውኑ መገዛት ነበረበት።

ሌላው ቦሎቄ ነው። ጾሙ ከገባ በኋላ ደረቅ ቦሎቄ ገዝቶ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ጣደ። አራት ሰዓት ሲሆን አሁንም ጥርስ ላይ ይንኳኳል። እማማ በር ላይ ቆመው ወደ ቆጣሪው ያያሉ። ጥፋቱ የድስቱ አልነበረም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ላይ ሳይሆን 92 ገደማ ላይ ነው። ምንም ያህል እሳት ቢጨመር ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ ከዚያ አይበልጥም። ለክክ ምስር ይህ ምንም አይደለም። ለቦሎቄና ለሽምብራ ግን ሰዓት ነው። መፍትሔው ሁለት ነው፤ ማታ ዘፍዝፎ ማደር ወይም እንፋሎት አፍኖ የሚያበስል ፕሬዠር ድስት። ማሙሽ አሁን ይዘፈዝፋል። ፕሬዠሩን በሚቀጥለው ዓመት አለ። ሲገዛ ዓሣዋን እንደሚዋስ ተስማምተናል።

የእናቱ ስጦታዎችስ? አሉሚኒየሙ ድስት አሁን የሽንኩርትና የነጭ ሽንኩርት ማስቀመጫ ነው። የቡና መቁያዋ ወደ ሥራዋ ተመልሳለች፣ እንቁላል አይደርስባትም። የሽሮ ሸክላዋን ግን እሑድ እሑድ እማማ ግቢ ውስጥ ከሰል ሲያቀጣጥሉ ቡናው ከወረደ በኋላ ይጥድባታል። በተራፊው ፍም ሽሮው ቀስ ብሎ ይንተከተካል። አንድ ጭልፋ ለእማማም ይቀራል። መብራት በጠፋባቸው ቀናትም የሚያድነው ይኸው ከሰል ነው። አንድ ቀን ዝናብ ሆኖ ምድጃውን ክፍሉ ውስጥ ላስገባው ብሎ ደወለልኝ። ጮህኩበት። የከሰል ጭስ ውስጥ ያለው መርዝ ሽታ የለውም፣ መልክ የለውም፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሰው ተኝቶ ሳለ ይገድላል። በየክረምቱ የምንሰማው ነው። ያን ቀን ዳቦ በማር በላ።

በርበሬውና ሽሮው ከደሴ ነው የሚመጣው። ሲመጣ በፌስታል ነበር፣ በሁለተኛው ወር ሽሮው ነቀዘ። አሁን በዱቄት ወተት ቆርቆሮ ነው የሚቀመጠው። ቆርቆሮዎቹን ልጅ ካላቸው የሥራ ባልደረቦቹ ሰበሰበ። ሳንቲም አላወጣም።

በጥር መጨረሻ ሒሳቡን ሠራን። ምሳ አሁንም ውጭ ነው የሚበላው፣ በወር 3,300 ብር። እንጀራ 1,500። ዘይት፣ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ዳቦ፣ እንቁላልና ፓስታ 1,500። ለእማማ መብራት 300። ተደምሮ 6,600። ከ9,000 ጋር ሲነጻጸር 2,400 ብር ይተርፈዋል። አካውንታንት ነውና «የእማዬ ሽሮና በርበሬ አልተቆጠረም፣ ስለዚህ ቁጥሩ ትንሽ ያጋንናል» ብሎ ግርጌው ላይ ጻፈ። ምሳውን ለምን አትቋጥርም አልኩት። ምሳ ዕቃ ይዞ ታክሲ ላይ መጋፋት አይታየኝም አለ። እሱም ሐቅ ነው።

የካቲት ላይ እህቴ ልታየው መጣች። ገና ጫማዋን ሳታወልቅ ወደ መደርደሪያው ሄደች። ድስቱን አነሳች፣ ገለበጠች፣ ታቹን በጣቷ መታ መታ አደረገች።

«ይሄስ ድስት ነው» አለች።

ማሙሽ ወደኔ አየ። ከዚያ ማማሰያውን አነሳችና ፊቷን ቋጠረች።

«ይቺ ምንድን ናት? የሻይ ማንኪያ ናት? እጅህን ልትቀቅል ነው እንዴ?»

በሳምንቱ ከደሴ በአውቶቡስ አንድ ማማሰያ መጣ። የወይራ ነው፣ ከክንዴ ይረዝማል። 3 ሊትሩ ድስት ውስጥ ሲቆም ድስቱን ሊገለብጠው ይደርሳል። በር ኋላ ተሰቅሏል። እናቱ በደወለች ቁጥር «አዎ እማዬ፣ በሱ ነው የማማስለው» ይላታል።